አመለኛ የተባለ የሆኪ ተስፈኛ ስንት ያወጣል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የሚከተሉት ጥያቄዎች በቶሮንቶ ዳንፎርዝ ጎዳና ቡና እየጠጣን የሰሜን አሜሪካውን የበረዶ ሆኪ ሊግ ኤንኤችኤልን ስንመለከት፣ በተለይም አንድ ወጣት ተጫዋች «ከዚህ ክለብ ልቀቁኝ» ማለቱ በተሰማ ቁጥር የሚነሡ ናቸው። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሲሆኑ፣ የተጠቀሱት ደንቦችም ጉዳዮቹ በተፈጸሙበት ጊዜ ይሠራባቸው የነበሩ ናቸው።

ተስፈኛ የሚባለው ማን ነው? የልውውጥ ዋጋ ሲባልስ ምን ማለት ነው?

የአገራችን የእግር ኳስ ክለቦች ተስፋ ቡድን እንዳላቸው ሁሉ፣ የሆኪ ክለቦችም ነገ ዋናውን ቡድን ይሸከማሉ ብለው የሚጠብቋቸው ወጣቶች አሏቸው። ልዩነቱ ወጣቶቹ ወደ ክለቡ የሚገቡት ራሳቸው መርጠው ሳይሆን በዓመታዊው ድራፍት ተመርጠው መሆኑ ነው። ድራፍቱ 7 ዙር አለው፤ 32ቱ ክለቦች በየዙሩ አንድ አንድ ምርጫ ስላላቸው በጠቅላላው የ224 ወጣቶች ስም ይጠራል። የተመረጠው ልጅ ውል ባይፈርም እንኳ በሊጉ ውስጥ ከመረጠው ክለብ በቀር ከማንም ጋር መደራደር አይችልም፤ ክለቡ ግን ይህን መብት ለፈለገው ክለብ አሳልፎ መስጠት ይችላል።

የእግር ኳስ ዝውውር የለመደ አንባቢ እዚህ ላይ ሊያስተውለው የሚገባው ነገር ቢኖር፣ በዛሬው ኤንኤችኤል ተጫዋች በገንዘብ የማይሸጥ መሆኑ ነው። ገበያው እህል በጨው ይለወጥበት እንደነበረው እንደ ጥንቱ ገበያ ነው፤ ተጫዋች በተጫዋች ወይም በመጪ ዓመታት የድራፍት ምርጫ ይለወጣል። ስለዚህ የአንድ ተስፈኛ ዋጋ የሚነገረው በዶላር ሳይሆን «አንድ የሁለተኛ ዙር ምርጫ» ወይም «አንድ ወጣት ተከላካይ ከነምርጫው» ተብሎ ነው።

«አመለኛ» የሚባለው ምን ሲያደርግ ነው?

ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ ነው፤ አንዱ ቃል ቢያንስ አራት የማይገናኙ ነገሮችን አጭቆ ይዟል። በድራፍት ለጠራው ክለብ ላለመፈረም የወሰነ ልጅ አመለኛ ይባላል፤ ወደ ታችኛው ሊግ ሲላክ ጓዙን ጠቅልሎ አገሩ የሚገባም እንዲሁ። አርፍዶ የሚነሣ፣ ልምምድ ላይ የሚለግም፣ አሰልጣኝ ሲናገረው ፊቱን የሚያጠቁር ልጅም ይኸው ስም ይወጣለታል። አንዳንዴ ደግሞ ስሙ የሚወጣለት ፓኩን (በሆኪ እንደ ኳስ የሚመታውን ጠፍጣፋ ጎማ) አብዝቶ ይዞ ስለሚጫወት፣ ማለትም ከጠባዩ ሳይሆን ከአጨዋወቱ ተነሥቶ ነው።

ጆሽ ሆሳንግን እንውሰድ። ኒውዮርክ አይላንደርስ በ2014 በ28ኛነት ሲመርጠው ችሎታው አላከራከረም፤ ያከራከረው ስሙ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት የመስከረም ልምምድ በተከፈተበት በመጀመሪያው ቀን እንቅልፍ ጥሎት አረፈደና በዚያው ወደ ጁኒየር ቡድኑ ተመለሰ። አመል ያወጣል ከመሐል ይባል የለ? ያችን ጠዋት ያላነሣ ስለ እሱ የተጻፈ ጽሑፍ ማግኘት ያስቸግራል፤ በኤንኤችኤል የተጫወተውም 53 ጨዋታ ብቻ ነው። ይሁንና አንድ ጠዋት ማርፈድና ክለቡን እምቢ ብሎ መሄድ በገበያ ላይ እኩል አይመዘኑም።

ከዚህ ሁሉ ተለይቶ መታየት ያለበት ሌላ ነገር አለ። በሰው ላይ የተፈጸመ በደል አመል አይባልም። በ2020 አሪዞና በአራተኛው ዙር የመረጠው ልጅ ቀደም ሲል አካል ጉዳተኛ የሆነ ጥቁር የትምህርት ቤት ባልንጀራውን ያሠቃይ እንደነበር በይፋ ሲነገር፣ ክለቡ ከሳምንታት በኋላ መብቱን ያለ ምንም ምትክ ለቀቀው፤ በኖቬምበር 2022 ቦስተን አስፈርሞት በቀናት ውስጥ አሰናበተው። እዚህ ላይ ዋጋው ቀነሰ አይባልም፤ ገበያው ራሱ ተዘጋ እንጂ።

ተጫዋቹ በድራፍት የጠራውን ክለብ እምቢ ማለት ይችላል?

ይችላል፤ መሣሪያውም ጊዜ ነው። ከካናዳ ጁኒየር ሊጎች የተመረጠ ልጅ በሁለት ዓመት ውስጥ እስከ ጁን 1 ካልፈረመ ተመልሶ ድራፍት ውስጥ ይገባል። ዩኒቨርሲቲ የገባ ግን አራት ዓመቱን ጨርሶ ኦገስት 15ን ሲሻገር ነፃ ሰው ይሆናል፤ ከፈለገው ክለብ ጋር ይፈርማል። የዩኒቨርሲቲው መንገድ ለወኪሎች ተመራጭ የሆነውም ለዚህ ነው።

በዚህ መንገድ ክለባቸውን ከለቀቁት አንዱ ብሌክ ዊለር ነው። ፊኒክስ በ2004 በ5ኛነት ቢመርጠውም ሳይፈርምለት ቀረ። በእንዲህ ያለ ጊዜ የመጀመሪያ ዙር ምርጫውን ያጣ ክለብ በሁለተኛው ዙር በተመሳሳይ ተራ ማካካሻ ስለሚሰጠው፣ ፊኒክስ በ2008 የ35ኛነትን ምርጫ አገኘ። ይህ ማካካሻ ለዋጋው ወለል ያበጅለታል፤ በመጀመሪያ ዙር ተመርጦ ያልፈረመ እምቢተኛ ቢያንስ አንድ የሁለተኛ ዙር ምርጫ ያወጣል፣ ከዚያ በታች የሚሸጥ ክለብ ዝም ብሎ ቢጠብቅ ይሻለው ነበር። በኋለኞቹ ዙሮች ለተመረጠ ልጅ ግን ወለል የለም። ናሽቪል በ2012 በ66ኛነት የመረጠው ጂሚ ቪሲ በሃርቫርድ የዓመቱ ምርጥ የዩኒቨርሲቲ ተጫዋች ሆኖ ሳለ አልፈርምም አለ፤ በጁን 2016 ቡፋሎ ከእሱ ጋር የመነጋገር መብትን ብቻ በአንድ የሦስተኛ ዙር ምርጫ ገዛ፤ ቪሲም ኦገስት 15ን ጠብቆ ለኒውዮርክ ሬንጀርስ ፈረመ። ቡፋሎ የገዛው የሁለት ወር ተስፋ ነበር ማለት ነው።

እምቢተኛ ተጫዋች ክለቡን ሊጠቅም ይችላል? የሊንድሮስ ጉዳይስ?

በዚህ ዘርፍ የሁሉም ነገር መነሻ ኤሪክ ሊንድሮስ ነው። በጁን 1991 ቡፋሎ ውስጥ በተካሄደው ድራፍት ኬቤክ ኖርዲክስ በአንደኝነት ሲጠራው፣ የ18 ዓመቱ ግዙፍ ልጅ ወደ መድረኩ ወጣ፤ ማሊያውን ተቀበለ፤ ነገር ግን አልለበሰውም። ክንዱ ላይ እንደያዘው ፎቶግራፍ ተነሣ። እንደማይጫወትላቸው አስቀድሞ ነግሯቸው ነበር፤ ከዚያ በፊትም በጁኒየር ሊግ «ሱ ሴንት ማሪ» ወደተባለው ቡድን አልሄድም ብሎ ወደ ኦሻዋ እንዲለወጥ አድርጎ ስለነበር፣ ቃሉን እንደማያጥፍ ሁሉም ያውቅ ነበር። ኋላ ላይ እንደተናገረው ቅሬታው ከክለቡ ባለቤት ጋር እንጂ ከከተማው ወይም ከፈረንሳይኛው ጋር አልነበረም። ኬቤኮች ግን እንደ ንቀት ነው የቆጠሩት።

ኖርዲክስ አልተጣደፈም። በደንቡ መሠረት ሁለት ዓመት ነበረው፤ ልጁ ደግሞ በዚያው ዓመት ለካናዳ ብሔራዊ ቡድን ተሰልፎ ከአልበርትቪል ኦሎምፒክ የብር ሜዳልያ ይዞ ሲመለስ ዋጋው ይበልጥ ወጣ። በጁን 1992 ክለቡ ከፊላዴልፊያም ከኒውዮርክ ሬንጀርስም ጋር የተስማማ መሆኑ ተሰማ፤ አንዱን በሬ ለሁለት ገዢ እንደ መሸጥ ነበር። ጉዳዩ ገላጋይ ዳኛ ዘንድ ቀርቦ ለፊላዴልፊያ ተፈረደ። የተከፈለው ይህ ነበር፦ ፒተር ፎርስበርግ፣ ማይክ ሪቺ፣ ክሪስ ሳይመን፣ ስቲቭ ዱሼን፣ ኬሪ ሃፍማን፣ ግብ ጠባቂው ሮን ሄክስታል፣ ሁለት የመጀመሪያ ዙር ምርጫዎች፣ በዚያ ላይ 15 ሚሊዮን ዶላር።

ውጤቱ በአንድ ዓመት ታየ። ኖርዲክስ በ1991-92 ከሰበሰበው 52 ነጥብ በ1992-93 ወደ 104 ዘለለ። ከምርጫዎቹ በአንዱ የተገኘው ግብ ጠባቂ ጆስሊን ቲቦ በዲሴምበር 1995 ፓትሪክ ሯን ከሞንትሪያል ባመጣው ልውውጥ ውስጥ ተካተተ፤ ቡድኑም በ1996 የስታንሊ ዋንጫን አነሣ። ሊንድሮስም ቢሆን በ1995 የሊጉ ኮከብ ተብሏል፤ በ2016 የዝና አዳራሽ ገብቷል፤ ስለዚህ ፊላዴልፊያ የገዛው ሸክላ አልነበረም። ነገር ግን አንዱን እምቢተኛ በቡድን ሙሉ ተጫዋች የለወጠው ክለብ፣ ልጁ ማሊያውን ለብሶ ቢሆን ኖሮ ያን ሁሉ ባላገኘ ነበር።

ተጫዋቹ «ልቀቁኝ» ካለ በኋላ ዋጋው የግድ ይወድቃል?

አይወድቅም። ይህን ለማየት ከጆናታን ድሩዋን የተሻለ ምሳሌ የለኝም። ታምፓ ቤይ በ2013 በ3ኛነት የመረጠው ይህ አጥቂ በኖቬምበር 2015 እንዲለወጥ በምስጢር ጠየቀ። በጃንዋሪ 2016 መጀመሪያ ወደ ታችኛው ሊግ፣ ወደ ሲራክዩዝ ሲወርድ ወኪሉ ጥያቄውን ለሕዝብ ይፋ አደረገው። በዚያው ወር በ20 ለጨዋታ ሳይቀርብ ሲቀር ክለቡ ያለ ደመወዝ አገደው።

በዚያች ሳምንት የታምፓን ስልክ የደወሉ ክለቦች ምን ይዘው እንደሚመጡ መገመት አይከብድም። ልቡ የሸፈተ፣ የታገደ፣ የ20 ዓመት ልጅ ነው፤ ማን ሙሉ ዋጋ ይከፍላል? ዋና ሥራ አስኪያጁ ስቲቭ አይዘርማን ግን በተሰበረ ዋጋ አልሸጥም አለ፤ የዝውውር መስኮቱ የመጨረሻ ቀን መጣ፣ አለፈ። ከዚያ በኋላ የሆነው ሁለቱንም ወገን ያስመሰግናል። ድሩዋን በማርች ወደ ሲራክዩዝ ተመልሶ ተጫወተ፤ ዋናው ቡድን ስቲቨን ስታምኮስን በሕመም ሲያጣ ተጠርቶ በዚያው ዓመት የዋንጫ ማጣሪያ በ17 ጨዋታ 14 ነጥብ (ያገባቸውና ለግብ ያቀበላቸው ድምር) አስመዘገበ፤ በ2016-17 ደግሞ 21 ግብ አግብቶ 53 ነጥብ ላይ ደረሰ። በጁን 2017 ሞንትሪያል ሲወስደው የከፈለው ሚካይል ሰርጋቾቭን ነው፤ ከአንድ ዓመት በፊት በ9ኛነት የተመረጠ ተከላካይ። ሰርጋቾቭ ከታምፓ ጋር በ2020 እና በ2021 ዋንጫ አንሥቷል።

ልጁ ያው ልጅ፣ አመሉም ያው አመል ነው። በእነዚያ 17 ወራት የተለወጠው ሻጩ ለመሸጥ ያለመቸኮሉ ነው። በእኔ አስተያየት «የአመል ቅናሽ» እየተባለ የሚጠራው ነገር በአብዛኛው የችኮላ ቅናሽ ነው።

ታዲያ ርካሽ የተሸጡት ለምን ረከሱ?

ሬንጀርስ በ2017 በ7ኛነት ሊያስ አንደርሰን የተባለ ስዊድናዊ መረጠ። ይህች ምርጫ ራሷ የመጣችው ዴሬክ ስቴፓንና ግብ ጠባቂው አንቲ ራንታ ለአሪዞና ተሰጥተው ነው፤ ከምርጫዋ ጋር አብሮ የመጣው ቶኒ ዲአንጀሎም በ2014 በ19ኛነት ተመርጦ፣ በጁኒየር ሊግ የቡድን ባልደረባውን በመሳደብ ተቀጥቶ፣ በ2016 በአንድ የ37ኛነት ምርጫ የተለወጠ ነበር። እንዲህ ነው፤ በዚህ ገበያ አንዱ አመለኛ የሌላው ምራቂ ሆኖ ይዞራል።

አንደርሰን በጃንዋሪ 2018 የስዊድን ወጣቶች አምበል ሆኖ በፍጻሜው ለካናዳ ሲሸነፍ፣ አንገቱ ላይ የጠለቀለትን የብር ሜዳልያ አውልቆ ወደ ተመልካቹ ወረወረው። አንዳንዱ «እልኸኛ ነው፣ ደስ ይላል» አለ፤ አንዳንዱ «ይሄ ልጅ ነገ ያስቸግራል» አለ። በዲሴምበር 2019 ከታችኛው ሊግ ቡድን ከሃርትፎርድ ለቆ ሲሄድ የሁለተኛዎቹ ቃል ትንቢት መሰለ። ሬንጀርስ በኦክቶበር 2020 ለሎስ አንጀለስ ሰጥቶት የ60ኛነት ምርጫ ተቀበለ፤ ከ7ኛ ወደ 60ኛ። ሌላው የሬንጀርስ ምርጫ፣ በ2018 9ኛ የነበረው ቪታሊ ክራቭትሶቭ፣ ሁለት ጊዜ ወደ ሩሲያ ከተመላለሰ በኋላ በፌብሩዋሪ 2023 በዊል ሎክዉድና በአንድ የሰባተኛ ዙር ምርጫ ወደ ቫንኩቨር ሄደ።

ሁለቱን ከድሩዋን የለያቸው የአመላቸው ክፋት አልነበረም። በኤንኤችኤል በረዶ ላይ ዋጋቸውን የሚያስከብር ነገር ገና አላሳዩም ነበር፤ ጊዜው በሄደ ቁጥርም ዕድሜያቸው ይጨምራል እንጂ ነጥባቸው አይጨምርም። ሻጭ ሊጠብቅ የሚገባው ዕቃው የሚሻሻል ከሆነ ነው፤ ካልሆነ መጠበቅ ቲማቲምን ለከርሞ እንደ ማኖር ነው። እርግጥ ነው፣ በዚያች የ60ኛነት ምርጫ ሬንጀርስ ዊል ካይልን መርጦ፣ ካይል የዋናው ቡድን ቋሚ ተሰላፊ ሆኗል። ይህ ግን የመራጮቹ ዐይን እንጂ የልውውጡ ብልኃት አይደለም።

ፊላዴልፊያ በጎቲዬ ጉዳይ ሙሉ ዋጋ ያገኘው እንዴት ነው?

አፉን በመያዝ ነው። ከተር ጎቲዬ በ2022 በ5ኛነት ተመርጦ በቦስተን ኮሌጅ ሲጫወት ሳለ ለፊላዴልፊያ እንደማይፈርም ወሰነ፤ ክለቡ ይህን እያወቀ ለወራት ትንፍሽ አላለም። በጃንዋሪ 2024 አሜሪካ በጎተንበርግ የዓለም ወጣቶች ሻምፒዮናን አሸነፈች፤ ከሦስት ቀን በኋላ፣ በጃንዋሪ 8፣ ጎቲዬ ለአናሃይም መሰጠቱ ሲነገር አብዛኛው ሰው እምቢታውንም ልውውጡንም የሰማው በአንድ ጊዜ ነበር። በምትኩ የመጡት በ2020 6ኛ የነበረው ተከላካይ ጄሚ ድራይስዴልና የ2025 የሁለተኛ ዙር ምርጫ ናቸው። ድራይስዴል ጉዳት የሚደጋገምበት ተጫዋች መሆኑ በሒሳቡ ውስጥ መግባት አለበት፤ ጎቲዬም በ2024-25 በመጀመሪያ ሙሉ ዓመቱ 20 ግብ አግብቶ 44 ነጥብ አስመዝግቧል። ቢሆንም ልውውጡ በተፈጸመበት ቀን 5ኛን በ6ኛ ከነምራቂው መለወጥ የተዋረደ ዋጋ አይባልም።

የዊኒፔግ ጉዳይ እንኳ፣ ወሬው ለሳምንታት አደባባይ ወጥቶ ሳለ፣ ክፉ አልነበረም። በ2022 14ኛ የነበረው ራትገር ማግሮርቲ በኦገስት 2024 ወደ ፒትስበርግ ሲሄድ በምትኩ የመጣው ብሬደን ዬገር በ2023 ድራፍት ራሱ 14ኛ ነበር። ማግሮርቲን የሚፈልገው ክለብ ከአንድ በላይ ስለነበር፣ ተራን በተራ መለወጥ ተቻለ።

ተቃራኒውን ማየት የሚፈልግ አዳም ፎክስን ይመልከት። በ2016 በ66ኛነት በካልጋሪ የተመረጠው ፎክስ ስለ ጠባዩ ክፉ የተናገረበት ሰው የለም፤ ነገር ግን የኒውዮርክ ልጅ ስለነበር ልቡ ያለው ሬንጀርስ ዘንድ መሆኑን አገር ያውቅ ነበር። ገዢው አንድ ብቻ ሲሆን ጨረታ የለም። መብቱን ከካልጋሪ የተረከበው ካሮላይና በኤፕሪል 2019 በአንድ የሁለተኛ ዙር ምርጫና በሌላ ቅድመ ሁኔታ ባለበት ምርጫ ለቀቀው፤ በ2021 የሊጉ ምርጥ ተከላካይ ተባለ። ቪሲም 66ኛ፣ ፎክስም 66ኛ፣ ሁለቱም ከሃርቫርድ፣ ሁለቱም ወደ ሬንጀርስ፤ ቁጥሩን ያየ የሬንጀርስ ደጋፊ 66ን ሎተሪ ላይ ቢቆርጥ አይፈረድበትም።

የወጣው ስም ሁልጊዜ እውነት ነው?

አይደለም፤ እንዲያውም በዚህ ርዕስ ላይ ብዙ መነገር ያለበት ይህ ነው። ኮዲ ሆጅሰን በ2008 በ10ኛነት ለቫንኩቨር ተመርጦ በሚቀጥለው ዓመት ጀርባውን ታመመ። መጀመሪያ የተነገረው ምርመራ ትክክል ሳይሆን ቀረ፤ ልጁ አሞኛል ሲል ክለቡ ውስጥ ያሉ ሰዎች ሰበብ ነው ብለው ጠረጠሩ፤ ከዚያ ወዲህ ሆድና ጀርባ ሆኑ። በፌብሩዋሪ 2012 በዛክ ካሲያን ሲለወጥ ዋና ሥራ አስኪያጁ ከሌሎቹ ተጫዋቾች ሁሉ ይልቅ በእሱ ጉዳይ የጠፋው ጊዜ እንደሚበልጥ በአደባባይ ተናገሩ። ሆጅሰን ገና በ26 ዓመቱ በ2016 ጨዋታ አቆመ፤ ኋላም በዘር የሚወረስ፣ ጡንቻን የሚያጠቃ ሕመም እንዳለበት ይፋ ሆነ። «አይጥርም፣ ይነጫነጫል» የተባለው ልጅ ሰውነቱ እየከዳው ነበር።

የአኪም አሊዩ ታሪክ ደግሞ ለእኛ ቀርቦ የሚሰማ ነው። አባቱ ናይጄሪያዊ፣ እናቱ ዩክሬናዊት ናቸው፤ ናይጄሪያ ተወልዶ፣ ኪየቭ አድጎ ወደ ቶሮንቶ መጣ። በ2005 በጁኒየር ቡድኑ በዊንዘር አዲስ ገቢዎችን በአውቶቡስ ውስጥ ልብሳቸውን አስወልቆ ማዋረድ ልማድ ነበር፤ አሊዩ አላደርገውም አለ፤ ልምምድ ላይ በቡድን ባልደረባው ተደብድቦ ጥርሱ ተሰበረ። የገረመኝ ነገር ቢኖር ከዚያ በኋላ «አስቸጋሪ» የሚለው ስም የተለጠፈው በተደብዳቢውም ላይ መሆኑ ነው። ቺካጎ በ2007 በ56ኛነት መረጠው። በ2009-10 በታችኛው ሊግ በሮክፎርድ አሰልጣኙ ቢል ፒተርስ አሊዩ የሚሰማውን ሙዚቃ ምክንያት አድርገው በዘረኛ ስድብ ተናገሩት፤ እሱም መልስ ሰጠ፤ አሰልጣኙም አሊዩ ወደ ባሰው ዝቅተኛ ሊግ እንዲወርድ ለአለቆቻቸው ጻፉ። በጁን 2010 ደስቲን ባይፍሊን ወደ አትላንታ በሄደበት ትልቅ ልውውጥ ውስጥ አሊዩ እንደ ምራቂ ተጨመረ። በኤንኤችኤል የተጫወተው 7 ጨዋታ ነው። ነገሩን በኖቬምበር 2019 ለሕዝብ ሲናገር፣ በወቅቱ የካልጋሪ አሰልጣኝ የነበሩት ፒተርስ በቀናት ውስጥ ሥራቸውን ለቀቁ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ግን በገበያው ላይ የሚታወቀው የአሊዩ አመል እንጂ የአሰልጣኙ አልነበረም።

ስለዚህ አንድ መራጭ «ልጁ ጥሩ ነው፣ ጠባዩ ግን…» ብሎ ዐረፍተ ነገሩን ሲያንጠለጥለው፣ የተንጠለጠለውን ማን እንደሞላውና ከማን ጋር ተጣልቶ እንደሆነ መጠየቅ ይገባል። ጥቁር ልጅ ሲሆን ጥያቄው እጥፍ ይሆናል።

ክለቦች የልጁን ጠባይ የሚያጣሩት እንዴት ነው?

ከድራፍቱ በፊት ቡፋሎ ውስጥ በሚደረገው የአካል ብቃት ምርመራ ወቅት ክለቦች ከወጣቶቹ ጋር አጫጭር ቃለ መጠይቅ ያደርጋሉ። ልጆቹ በወኪሎቻቸው በደንብ ስለተሰናዱ ግን ከዚያ የሚገኘው ፍሬ ብዙ አይደለም። የጁኒየር ተጫዋቾች ከወላጆቻቸው ርቀው በሰው ቤት ስለሚያድሩ፣ መራጮች ከሁሉ አስበልጠው የሚያምኑት የአሳዳሪዎቹን፣ የመምህሮቹንና ዕቃ የሚያሰናዳውን ሠራተኛ ቃል ነው። የበላበትን ሳህን የሚያነሣ መሆን አለመሆኑን የምታውቀው የቤቱ እመቤት ናት።

ሩሲያውያን ለምን ቶሎ ስም ይወጣላቸዋል?

ሌላ በር ስላላቸው ነው። ካናዳዊው ልጅ ወደ ታችኛው ሊግ ሲላክ በአብዛኛው ከመሄድ በቀር ምርጫ የለውም፤ ሩሲያዊው ግን አገሩ ገብቶ ጥሩ ደመወዝ የሚከፍል ሊግ ውስጥ ይጫወታል። ኮሎምበስ በ2008 በ6ኛነት የመረጠው ኒኪታ ፊላቶቭ በ2011 በአንድ የሦስተኛ ዙር ምርጫ የተለወጠው ከዚህ ዐይነት መመላለስ በኋላ ነው። በአንጻሩ ሚኒሶታ በ2015 በ135ኛነት የመረጠውን ኪሪል ካፕሪዞቭን አምስት ዓመት ጠበቀው፤ በ2021 የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ሆነ፤ በ2025 ደግሞ የ8 ዓመት የ136 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈረመ። አምስት ዓመት አልመጣም ማለትም በሌላ ልጅ ላይ ቢሆን አመል ይባል ነበር።

አመለኛ ብሎ መሸጥ ክለቡን የጎዳበት ጊዜ አለ?

አለ። ቦስተን በ2010 በ2ኛነት የመረጠው ታይለር ሴጊን በመጀመሪያ ዓመቱ ዋንጫ ያነሣ ልጅ ነበር። ሌሊት መዞር ያበዛል፣ ለሙያው አይጨነቅም ተባለና በጁላይ 2013፣ ገና በ21 ዓመቱ፣ ከሁለት ሌሎች ጋር ለዳላስ ተሰጠ። በምትኩ ሉዊ ኤሪክሰን፣ ራይሊ ስሚዝ፣ ጆ ሞሮውና ማት ፍሬዘር መጡ። ሴጊን በዳላስ የመጀመሪያ ዓመቱ 37 ግብ አግብቶ 84 ነጥብ አስመዘገበ። በ2017 ክረምት አራቱም ከቦስተን ለቀው ነበር፤ ሴጊን ግን እስካሁን ዳላስ ነው። የ21 ዓመት ልጅ ሌሊት መውጣቱን የሚተወው ሲያድግ ነው፤ ቦስተን የሸጠው ከማደጉ በፊት ነው።

የሄደው ተጫዋች ሲመለስ ደጋፊው እንዴት ይቀበለዋል?

ጎቲዬ በጃንዋሪ 2025 ከአናሃይም ጋር ወደ ፊላዴልፊያ ሲመጣ፣ ፓኩ በትሩን በነካ ቁጥር አዳራሹ በጩኸት ይናጥ ነበር፤ ፊላዴልፊያም 6 ለ 0 አሸነፈ። በኦክቶበር 1992 ሊንድሮስ ለመጀመሪያ ጊዜ ኬቤክ ሲገባ የነበረው አቀባበል ግን ከዚህም የከፋ ነበር፤ አልቃሻ ሕፃን ነህ ሊሉት ደጋፊዎቹ የሕፃን ጡጦ በአፋቸው ይዘው፣ ዳይፐር በሱሪያቸው ላይ ታጥቀው መጡ። ሊንድሮስ ሁለት ግብ አገባባቸው። በ1995 ኖርዲክስ ተሸጦ ወደ ዴንቨር ተዛወረ፤ በእሱ ልውውጥ የተገኙት ልጆች ያነሡት የ1996ቱ ዋንጫም ሰልፍ የወጣው በዴንቨር ጎዳናዎች ነው።